ጨው የጎደለበት አራስ ቤት

እኔ ቂመኛ ነኝ። ባለቤቴም ያውቃል፣ ልጆቼም ያውቃሉ፤ ጅማ አጠገብ ሸቤ ሳለሁ ጎረቤቶቼም «የዚች ልጅ ሆድ የገባበትን ነገር አይለቅም» ይሉኝ ነበር። ደግ ነገር ስላልሆነ አልኮራበትም። ግን የእናቴን ነገር ልናገር ብዬ ተነስቼ ይህን ብደብቅ፣ ቀሪው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

የተወለድኩት ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ባለው ደጋ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ሰባተኛ ልገባ ስል እናቴ ታናናሾቼን የሚይዝላት ሰው አጣችና ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። አስተማሪዬ ቤታችን ድረስ መጥቶ ለመናት። «ወንዶቹ ይማሩ፣ እሷ ታገባለች» ብላ መለሰችው። እኔ አላለቀስኩም፣ አልተከራከርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረችው፣ እኔም ቆጥራው ትኑር ብዬ ተውኳት። ለማንም ሳልነግር፣ አግብቼ ወንዙን ተሻግሬ ሸቤ ስመጣ ያንን ነገር ይዤው መጣሁ።

ባለቤቴ የአገሬ ልጅ ነው፤ አናጢ ነው። በዚያ የደርግ ዘመን ከኛ አገር ብዙ ሰው ለቡና ለቀማ እየመጣ እዚያው ይቀር ነበር። እሱ እጁ ከመዶሻ ጋር ስለተስማማ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሠሪ ሆነ። ለመንግሥት ቡና ሠላሳ አርባ አልጋ በተርታ እየሠራ፣ እኛ የምንተኛበት አልጋ አንድ እግሩ በድንጋይ ተደግፎ ሁለት ዓመት ኖሯል። እሁድ እሁድ፣ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር፣ በየሰዉ ቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልይ ነበር። ስኳሩም ጨውም ሳሙናውም ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩ በስምንተኛው ወር እግሬ አበጠ። ጫማ አልገባ አለኝ፤ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። በሰፈራችን ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው አንድ መርፌ ወጊ ነበር። መጥቶ አየኝና ሁለት ነገር ተናገረ፤ ጨው እንዳልቀምስ፣ እብጠቱም በሽንት እንዲወጣ ፈሳሽ እንዳበዛ። ይህን ብሎ ሄደ። በማግሥቱ እናቴ ልታርሰኝ መጣች።

በበቅሎ ነው የመጣችው። ቅቤ፣ ቆጮ፣ የደረቀ ዝንጅብል፣ አንድ ትልቅ ቅል ይዛ። ሳያት ምን ያህል ናፍቄያት እንደነበር ገባኝ፤ አንገቷ ሥር ገብቼ የጭስና የቅቤ ሽታዋን ሳብኩ። ቂም ካለበት ሆድ ናፍቆት አይጠፋም፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

እኛ አገር የቡናውን ቅጠል ነው የምንጠጣው። ቅጠሉ ይቀቀላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሚጥሚጣም ይወቀጥበታል፣ ጨው ይደረግበታል፣ በቅል ይጠጣል። ሸቤዎች ይስቁብን ነበር። ከጎናችን የሚኖሩ አንዲት ሙስሊም እናት ነበሩ፤ ስንቱን የሸቤ ልጅ በእጃቸው የተቀበሉ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ። ያን ቅል ባዩ ቁጥር «አቦ፣ ፍሬውን ለመንግሥት ሰጥታችሁ ቅጠሉን ትበላላችሁ፣ ፍየል ናችሁ?» ይሉን ነበር። እናቴ ትስቅና አንድ ቅል ትቀዳላቸዋለች። ፊታቸውን አጨማደው እስከ መጨረሻው ይጠጡታል።

እናቴ የመርፌ ወጊውን ቃል ስትሰማ እንደ መጽሐፍ ቃል ተቀበለችው። ጨው ከቤቱ ወጣ። ጎመኑ ያለ ጨው፣ ቆጮው ያለ ጨው፣ የቡና ቅጠሉም ያለ ጨው። ቅጠሉን ያለ ጨው መጠጣት የታጠበ ጨርቅ እንደ መምጠጥ ነው፤ ግን ልጇን ልታድን የቆረጠች ሴት ፊት ምን ይባላል? የጨዉን ጉድለት በብዛት የምትክሰው ይመስል ደግሞ ቅሉን ከእጇ አታወርደውም። «ጠጪ፣ ይታጠብልሽ» ትለኛለች። ጠጥቼ ሳልጨርስ ትሞላዋለች።

ምጡ ማክሰኞ ጠዋት ጀመረኝ፤ የተገላገልኩት በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት በአንድ ምጥ አንድ ቅል ነበር። ምጡ ሲለቀኝ እጇን ከአንገቴ ሥር ታስገባና ቀና ታደርገኛለች፣ ቅሉን ከከንፈሬ ታገናኛለች። ሆዴ ተንቦጫቦጨ ስላት «ለደሙ ነው፣ ለወተቱ ነው» ትለኛለች። ሴት ልጅ ተወለደች። ጎረቤታችን እትብቷን ቆርጠው «አልሐምዱሊላህ፣ ፀጉሯ የአያቷ ነው» አሉ። እናቴ አለቀሰች። ለልጅቱ የሰጠችውን ፈገግታ አሁንም አየዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ራሴን አመመኝ። አስመለሰኝ። ያስመለስኩትን ለመተካት እናቴ ሌላ ቅል አመጣች። የማስታውሰው የመጨረሻው ነገር ያ ነው፤ ከአንገቴ ሥር ያለ እጇ፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ በስንጥቁ የገባው ብርሃን። ከዚያ ወዲያ ባሉት አራት ቀናት እኔ አልነበርኩም። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ቀኖቿን ስትኖር እናቷ የለችም። የምናገረው ከባለቤቴና ከጎረቤታችን የሰማሁትን ነው።

ጣራ ጣራውን ሳይ ዋልኩ አሉ። ልጅቱን ሲያቀብሉኝ «የማን ናት?» አልኩ። ከዚያ ደብተሬን አምጡልኝ እያልኩ አለቀስኩ። ከሰዓት በኋላ ጥርሴ ተነከሰ፣ እጅ እግሬ ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቅሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። የጸሎት ወገኖቻችን መጥተው እጃቸውን ጭነው ርኩስ መንፈሱን ገሠጹት። ጎረቤታችን ጅኒ ነው ብለው ቁርኣን ቀሩ፤ ከትራሴ ሥር ቢላ አስገቡ። ቢላውና ጸሎቱ በአንድ አልጋ ላይ ተስማምተው ዋሉ። እናቴ ግን በሁለቱም መሐል እየገባች፣ ጥርሴን ባልነከስኩበት ጊዜ ሁሉ፣ በጠብታ በጠብታ ታጠጣኝ ነበር።

ባለቤቴ ነው በመጨረሻ የጮኸው። ቡና ጭኖ ወደ ጅማ የሚወርድ መኪና መንገድ ላይ ተኝቶ አስቆመ። እኔንና እናቴን ጋቢና አስገቡን፤ ጎረቤታችን ሕፃኗን ታቅፈው ከሱ ጋር ከላይ ከጆንያው ላይ ተቀመጡ። የሃይማኖትም የእድሜም ነገር አላነሱም፤ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ አላህ አለ» እያሉ ከላይ ወደ ጋቢናው ይጮኹ ነበር አሉ።

ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም አየኝ። እግሬ ማበጡንና መንዘፍዘፌን ሲሰማ የደም ግፊቴን ለካ፤ ደህና ነው። ደግሞ ለካ፤ ደህና ነው። ከዚያ ዞር ብሎ እናቴን «ምን ስትበላ፣ ምን ስትጠጣ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ደስ አላት፤ ጥንቃቄዋን የሚጠይቃት ሰው አገኘች። ጨው ለአፌ እንዳላስነካችኝ፣ ፈሳሽ እንዳላጎደለችብኝ እየተኩራራች ነገረችው። «ምን ያህል?» አላት። ዙሪያዋን አየችና በሩ ሥር የቆመውን የጽዳት ባልዲ አሳየችው። «እንዲህ ያለውን ሁለቴ፣ ምናልባት ሦስቴ።»

ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳት፤ ባለቤቴ ወደ ቋንቋችን እየመለሰ። የሰው ደም ውስጥ ልክ ያለው ጨው አለ፤ ውሃው ሲበዛና ጨው ሳይገባ ሲቀር ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ አንጎል ውሃ ይዞ ያብጣል፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት አካል ደግሞ ውሃውን ቶሎ አይለቅም። ይህን የሚለካ መሣሪያ በቅርብ አልነበረም፤ በጥያቄ ነው የደረሰበት። ሰው ሁሉ ግሉኮስ የሚለውን ነገር ሰቀሉልኝ፤ እሱ ግን የጨው ውሃ ነው አለ፤ በዝግታ ነው የሚሰጣት፣ ከተቻኮልን ሌላ ጉዳት ያመጣባታል አለ። እናቴን «ከእንግዲህ አንድ ጉንጭ ውሃ እንዳትሰጫት» ብሎ አዘዛት።

በአራተኛው ቀን ነቃሁ። ጡቴ ተወጥሮ ያመኝ ነበር። እናቴ አልጋዬ አጠገብ አልነበረችም፤ ከክፍሉ ማዶ፣ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ ከታለች። «እማ» አልኳት። ተነሳች፣ አየችኝ፣ ወደኔ ሳትመጣ ነርስ ልትጠራ ወጣች።

ከሆስፒታል ወጥተን እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ አንዲት የአገራችን ሴት ቤት ጥቂት ቀን አረፍን። እናቴ ልጅቱን ታጥባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ምግቡን ትሠራለች። የምጠጣውን ግን የቤቲቱ ባለቤት ናት የምታቀርብልኝ። ዓይኔን አታየኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እሄዳለሁ አለች። መንደር ምስረታ ሊያስገቡን ነው፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ወንድሞችሽ ብቻቸውን ናቸው አለች። አርባ ቀን ሳይሞላ እናት አራስ ልጇን ጥላ ስትሄድ የት አገር አይቼ! በዚያው ሰዓት በሆዴ የነበረው ቂም እህት ወለደ። ትምህርቴን አስጣለችኝ፣ አሁን ደግሞ እኔን ጣለችኝ አልኩ። የማልወደው ሰው ብትሆን እንዲያ ባላመመኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ወሬ በገበያተኛ ሰደድኩባት፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ቅቤ ላከች። እህል ላከች። በጨርቅ የተቋጠረ ጨው ላከች። ራሷ አልመጣችም። ጎረቤታችን አረሱኝ፤ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን የሰው እናት ናቸው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ናት እላለሁ። ልጄን እያጠባሁ ጆሮዬ የበቅሎ ኮቴ ይጠብቃል። ኮቴ ሰምቼ ቀና ስል የቡና ነጋዴ በቅሎ ነው የሚያልፈው። ቅቤውን ራሴን ሲቀቡኝ ሽታው ያስለቅሰኝ ነበር፣ አላለቀስኩም ብዬ ደግሞ እከራከራለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ገንፎውን እያገነፉ ሳለ እናቴን አማኋት። የድንጋይ ልብ አልኳት። እሳቸው ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋደሙና ዞረው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ዓይን የለሽም! ራስሽ አባረሽ ራስሽ ትጠሪያለሽ?»

«እኔ መቼ አባረርኳት?»

«ያ ረቢ! ባልሽ አትንገሩ ብሎ አስምሎን ነው እንጂ። እኔ ግን ከእንግዲህ አልችልም፣ መሐላውን አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ነገሩኝ። ሆስፒታል በሁለተኛው ቀን ዓይኔን ገልጬ መናገር ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ አእምሮዬን ሊፈትን እናቴን እያሳየ «ይህች ማን ናት?» አለኝ። እኔም ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እናቴ አይደለችም። ትምህርቴን ያስጣለችኝ ሴትዮ ናት፤ አስወጡልኝ» አልኩ። ሐኪሙ ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ደጋግሜ ያንኑ መለስኩ። እናቴ አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ለዚህ ግን በቃት። ከአልጋዬ አጠገብ ተነስታ ወደ ኋላ እያፈገፈገች እስከ ግድግዳው ሄደች። ሐኪሙ «በሽታው ነው፣ እናትዬ፣ እሷ አይደለችም» ብሏታል። ከዚያ ቀን በኋላ አልጋዬ አጠገብ አልተቀመጠችም።

ጎረቤታችን ገንፎውን አምጥተው ከፊቴ አስቀመጡ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። መብላት አቃተኝ። የማላስታውሰውን ነገር እንዴት አልተናገርኩትም ልበል? ስለ ትምህርቱ ደግሞ ለባለቤቴም እንኳ ነግሬው አላውቅም ነበር። ያንን ነገር ከኔ በቀር ማንም ሊያወጣው አይችልም።

ሦስተኛውን ሳረግዝ ውሃው እስኪጎድል ጠብቄ ጎጀብን ልሻገር ወሰንኩ። ባለቤቴ እብድ ነሽ አለኝ፤ ሆኖም የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት ያወጣልኝ እሱ ነው፤ በቅሎ ተከራይቶ ወንዙ ድረስም ሸኘኝ። የእናቴን ቤት አላወቅሁትም። የልጅነቴ ቤት ፈርሶ፣ በአዲሱ መንደር በገመድ ተለክቶ በተሰለፈ የጎጆ ተርታ ውስጥ ነበረች። አርጅታለች። ሆዴን አየች፣ ከዚያ ፊቴን አየች። ሳመችኝ፣ እግሬን አጠበችኝ፣ እህል አቀረበችልኝ። የምጠጣውን ግን የወንድሜን ሚስት ጠርታ አስቀዳችልኝ።

በማግሥቱ ሰው ሲወጣልን «እማ፣ ነገሩኝ» አልኳት። «በሽታው ነው ያናገረኝ።»

«ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል» አለችኝ። «ውሃው ጨውሽን አጥቦ ወሰደው፣ እሺ፤ ያን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቃሉን ግን ውሃ አላመጣውም። ከየት መጣ?»

መዋሸት ይቻለኝ ነበር። ጠላት ነው፣ መንፈስ ነው ብላት ልትቀበለኝ ዝግጁ ነበረች፤ ዓይኗን አይቻለሁ። «ከሆዴ» አልኳት። «ተቀይሜሽ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተቀይሜሽ ነው የኖርኩት።»

እናቴ ከመደቡ ላይ አንድ ጭራሮ አንስታ መሰባበር ጀመረች። «ዝም ስትዪ የወደድሽው መስሎኝ ነበር» አለች። «አስተማሪው ሲመጣ አንድ ቃል ብትናገሪ፣ አንድ ቃል…» አልጨረሰችውም። ይቅር በይኝ አላለችኝም፣ እኔም አላልኳትም። ጭራሮው ሲያልቅ እጇን አራገፈችና «ወርሽ መቼ ነው?» አለችኝ።

መጣች። ሳልወልድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ማንም ሳይልክባት፣ በበቅሎ ሸቤ ገባች። ጎረቤታችን በር ላይ ተቀብለው «ፍየሎቹ ተሟሉ!» ብለው አቀፏት። ያን ጊዜ ያረሰችኝን አርባ ቀን ነው እኔ ዛሬ የምናፍቀው። ሰው ልጅነቱን ይናፍቃል፣ አገሩን ይናፍቃል፤ እኔ አርባ ቀን ነው የምናፍቀው። ከሁለት ክረምት በኋላ ሞተች። ጎጀብ ሞልቶ ነበር፤ መርዶው በገበያተኛ ተሻግሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ እናቴ ከተቀበረች ሰነባብታለች። አፈሯን እንኳ አልደረስኩበትም። ይህን ስጽፍ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ቢሆንም አርባውን ቀን የሚወስድብኝ የለም።

ሦስተኛውን በወለድኩ በመጀመሪያው ቀን ቅሉን ይዛ መጥታ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። ቅጠሉ በጨው ነው፣ ግማሽ ቅል ነው። ከመስጠቷ በፊት ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝና «ማነኝ?» አለችኝ።

«እናቴ ነሽ።»

ሰጠችኝ። ከሰዓት በኋላም «ማነኝ?» አለችኝ። ማታም እንዲሁ። ሐኪሙ እንዳደረገው አእምሮዬን እየፈተነች መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ለሷ ሌላም ነገር ነበር፣ ለኔም። አንድም ቀን ሳትጠይቀኝ አላጠጣችኝም፣ አንድም ቀን ሳልመልስ አልጠጣሁም። ትልቋ ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ነገሩ እንደ ጨዋታ ሆኖባት እኔን ቀድማ «አያታችን ናት እኮ!» እያለች ትጮህ ነበር። እናቴ አትስቅም። የኔን መልስ ትጠብቃለች።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ዕቃዋን ቋጥራ፣ በቅሎዋን አስጭና ገባች። ቅሉን ሞልታ ነበር። እጇን ከአንገቴ ሥር አስገብታ ቀና አደረገችኝና ዝም ብላ ከከንፈሬ አገናኘችው።

«አልጠየቅሽኝም እኮ» አልኳት።

«ዛሬስ መልሱን አውቄዋለሁ» አለችኝ። «ጠጪ።»